የሁለት ሰው ድንኳን በጣና ዳር

ድንኳን ለጣና አካባቢ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ዛሬ ቋሚ መኖሪያን የሚያመለክተው «ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሚሰፍርበትን ቦታ ይጠቁም የነበረ ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው እስኪያደርጉ ድረስም ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ነበር። ምሰሶው፣ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ማለትም አውታሩ፣ አውታሩም የሚታሰርበት ችካል ማለትም ካስማው ዛሬም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጨርቁ ነው። የዛሬ ሰው ግን ድንኳንን የሚያውቀው በእድር ሸራና በከተራ ዕለት ታቦታት በሚያድሩበት ድንኳን በመሆኑ፣ ለሽርሽር የሚገዛውንም በጨርቁ ውፍረት ይመዝነዋል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

«ለሁለት ሰው» የሚለው የፋብሪካ ጽሑፍ ከ120 እስከ 130 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት ላይ ሁለት ጠባብ ፍራሾች ይነጠፋሉ ማለት እንጂ ሁለት ሰዎች ተመችቷቸው ያድራሉ ማለት አይደለም። ተራራ የሚወጣ እግረኛ ሸክም ስለሚፈራ ጥበቱን ይታገሠዋል፤ በመኪና ወይም በጀልባ ወደ ሐይቁ ዳር ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ግን «ለሦስት ሰው» የተባለው ነው ትክክለኛው የሁለት ሰው ድንኳን። ሌሊት የሚወጣው የተኛውን እንዳይረግጥ በግራና በቀኝ በር ያለው ይመረጣል።

ድንኳን በሐሰት የሚከሰስበት ትልቁ ጉዳይ «ያፈስሳል» የሚለው ነው። በባሕር ዳር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ሲሆን ጥር ደረቅ ወር ነው፤ ሆኖም በጥር ሐይቁ ዳር ያደረ ሰው ማለዳ የድንኳኑን ጣሪያ ከውስጥ ረጥቦ ሲያገኘው ሻጩን ይረግማል እንጂ ሰማዩ አንዲት ጠብታ እንዳላወረደ ልብ አይልም። ውሃው የራሱ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሻቸውና በቆዳቸው ግማሽ ሊትር ገደማ እንፋሎት ያወጣሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ በሚገኘው በዚህ ምድር ደግሞ ደመና በሌለበት ሌሊት ጨርቁ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱም የጤዛ ነጥብ ከሚባለው፣ ማለትም እንፋሎት ወደ ውሃነት ከሚለወጥበት መጠን ሲወርድ፣ የሐይቁ እርጥበት ከውጭ፣ የተኚዎቹ ትንፋሽ ከውስጥ ጠብታ ሆኖ ይለጠፍበታል። የከተራን ሌሊት በሜዳ ያደሩ ምእመናን ነጠላቸውን ጤዛ አርሶት ሲነጋ «ነጠላው አፈሰሰ» ያለ ማንም የለም።

እውነተኛ ፍሳሽ በዝናብ ሰዓት፣ በስፌት ወይም በአንድ ነጥብ ላይ ይታያል፤ ጤዛ ግን ጣሪያውን በሙሉ እኩል ያለብሰዋል። የጨርቁ ውሃ የመቋቋም አቅም በሚሊ ሜትር የሚጻፍ ሲሆን፣ ቁጥሩ ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚሸከመውን የውሃ ዓምድ ቁመት ይገልጻል፤ 2,000 ወይም 3,000 ለክረምቱ ዝናብ ሊበቃ ይችላል፤ የቁጥሩ ማደግ ግን በትንፋሽ ላይ ምንም አይፈይድም። መድኀኒቱ ሁለት ድርብ ነው፦ ከውስጥ አየር የሚያሳልፍ መረብ (ትንኝንም ይከለክላል፤ አካባቢው ወባማ ነውና)፣ ከላይ ከመረቡ ተነጥሎ የሚወጠር ሽፋን፤ ከዚህም ጋር በአናት በኩል የማይዘጋ የአየር መውጫ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ ብርድ ፈርቶ መውጫዎቹን የሚደፍን፣ ይባስ ብሎም ድንኳኑን በላስቲክ የሚጠቀልል ሰው፣ ጠብታው ፊቱ ላይ ሲወርድ የሚከሰው ሊኖር አይገባም።

የሚተከልበት ቦታ ምርጫ አጭር ነው። ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ ከደንገሉ ወደ ግጦሹ የሚወስደው የተረገጠ መንገድ የማንም ማረፊያ አይሆንም፤ ዋልካ አፈርም ሲደርቅ ካስማ አላስገባ ይላል፣ ሲርስ ይለቀዋል። በዛፍ ጥላ ሥር የተተከለ ድንኳን ቅጠሉ ከሰማዩ ስለሚከልለው በሜዳ ላይ ካለው ያነሰ ጤዛ ይይዛል፤ በዘጌ ቡና በሚጠለልባቸው ዛፎች ሥር ያደረ ድንኳንና ክፍት ሣር ላይ ያደረው ማለዳ በእጅ ቢዳሰሱ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።