ሁለት ጓደኞች በአንድ ድንኳን

ደባርቅ ከተማ ላይ ከአውቶቡስ የሚወርዱ የውጭ አገር ሰዎችን ብዙዎቻችን አይተናል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። ጀርባቸው ላይ ትልቅ ሻንጣ አዝለዋል። ሻንጣው ላይ የተጠቀለለ ድንኳን ታስሯል። በቅሎ ተከራይተው ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣሉ፤ በዚያ ብርድ መሬት ላይ ያድራሉ። «ፈረንጅ ሁሉ ሀብታም አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ቸግሮት ነው ሜዳ ላይ የሚተኛው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን እንይ።

ፈረንጅ ሁሉ ሀብታም አይደለም። በአገሩ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አስተማሪ ወይም ተማሪ የሆነ አለ። ሠራተኛው በዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ዕረፍት ያገኛል። በዚያ ጊዜ ሌላ አገር ማየት ይፈልጋል። ያጠራቀመው ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከጓደኛ ጋር ይጓዛል። ሁለተኛ፣ ሕዝብ በሚሳፈርበት አውቶቡስ ይሳፈራል። ሦስተኛ፣ ማደሪያውንና ስንቁን ይዞ ይሄዳል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጥንቱ የጎንደር ነጋዴ እስከ ምፅዋ ይወርድ የነበረው እንዲሁ ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ይይዝ ነበር። ሲመሽ ጭነቱን አራግፎ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ላይ ያድር ነበር። ለገና ላሊበላን ሊሳለም የሚነሣ ገበሬም ስንቁን አዝሎ ከመንደሩ ሰው ጋር ይሄዳል እንጂ ብቻውን አይወጣም። የዛሬው ተጓዥ ድንኳን ግን ውሃ ከማያስገባ ስስ ጨርቅ የተሠራ ነው። ተጣጥፎ በአንድ ሰው ትከሻ ይያዛል።

ከጓደኛ ጋር መሄድ ወጪን እንዴት ይቀንሳል? በሒሳብ እንየው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ይህ ምሳሌ ብቻ ነው። አንድ የጭነት በቅሎ ከነነጂው በቀን 600 ብር፣ አንድ የፓርክ ጠባቂ በቀን 500 ብር ነው እንበል። በቀን 1100 ብር፣ በአራት ቀን 4400 ብር ይሆናል። ብቻውን የመጣ ሰው 4400 ብሩን ብቻውን ይከፍላል። ሁለት ጓደኞች ግን እያንዳንዳቸው 2200 ብር ይከፍላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። የባለበቅሎው ገቢስ ቀነሰ ወይ? አልቀነሰም። እሱ ያው 600 ብሩን በየቀኑ ያገኛል።

ጉዞው የሚጀምረው ከጎንደር ከተማ ነው። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. አካባቢ የቆረቆሯት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። ተጓዦቹ የፋሲልን ግንብ ያያሉ። ከገበያ ምስር፣ ፓስታ፣ ሽንኩርት፣ ሻይና ስኳር ይገዛሉ፤ ተራራው ላይ ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም። ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገው ወደ ደባርቅ ይሄዳሉ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ላይ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባሉ፤ የመግቢያ ይከፍላሉ። ስካውት የሚባለውን መሣሪያ የያዘ ጠባቂ አስከትለው ይወጣሉ።

ፓርኩ ውስጥ ድንኳን የሚተከልባቸው ሠፈሮች አሉ። ከነዚህም ሳንቃበር፣ ግጭ እና ጨነቅ ይገኛሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ሳንቃበር 3200 ሜትር ያህል፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3600 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ያልለመደ ሰው ቸኩሎ ከወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍም ያጣል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣት ያስፈልጋል። ሕመሙ ብሶ ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች ማውረድ ነው። ከመውረድ የሚሻል መድኃኒት የለም። የታመመው ሰው ራሱ ሕመሙን ላያውቀው ይችላል። ጓደኛ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ የበቅሎ ነጂም የሰው ሕይወት ያድናል።

ድንኳን የሚተከለው ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ ነው። የገደል አፋፍና የጎርፍ መውረጃ አይሆንም። በሩን ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ማዞር ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ስለሚመጣ ከበታች ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፋል። አስታ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፤ አስታ በዚያ ብርድ የሚያድገው በብዙ ዓመት ነውና። ስለዚህ ተጓዦቹ በላምባ ወይም በቡታጋዝ ምድጃ ያበስላሉ። ባዶ ቆርቆሮና ላስቲክ እዚያ አይጥሉም፤ ይዘው ይመለሳሉ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ብርድ ችለው ምን ሊያዩ ነው? እኛ በየቀኑ ስለምናየው የማይገርመንን ነገር ሊያዩ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቁጥሩም አንድ ሺህ አይሞላም። ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገውን ጅብራ፣ ከ4500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ደጀንንም ያያሉ።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ኋላ ግን እርሻና ግጦሽ እየገፋ፣ ዋልያውም እያነሰ ሄደ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚህ ተራ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህ እንዲሁ በነጻ የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አካባቢ የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ቀዬን መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ተራራውን ለጠበቀው ገበሬ ምን ይደርሰዋል? ያ ድንኳን ተሸካሚ ተጓዥ የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። የሚያወጣው ብር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሚያወጣው መንደር ውስጥ ነው። ለበቅሎ ይከፍላል። እንቁላልና ዳቦ ይገዛል። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲገባ ይታያል። ተጓዥ ሲጠፋ ደግሞ ጉዳቱ እንዲሁ ቶሎ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ግጭት ተጀመረ። መንገዱ አስጊ ሲሆን እንግዳው ቀረ፤ በቅሎው ያለ ጭነት ዋለ። ስለዚህ ማንም ተጓዥ ከጎንደር ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ አለበት።

ሰላም ካለ እንግዳ ይመጣል። እንግዳው እንዲመለስና ለሌላ ጓደኛው እንዲያወራ የሚያደርጉት ግን እኛው ነን። ዋጋን አስቀድሞ ቁርጥ አድርጎ መናገር፣ ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ አለመጫን፣ ዋልያውንና አስታውን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። ዋልያ ከጠፋ ድንኳን አይተከልም። ድንኳን ካልተተከለ በቅሎ አይከራይም። ፊደል የቆጠረ ባለበቅሎ ደግሞ ውሉን ራሱ አንብቦ ይፈርማል፤ ቀኑን ቆጥሮ ሒሳቡን ይቀበላል።

ጥያቄ
1. ተጓዦቹ አራት ቢሆኑና በቅሎውና ጠባቂው ያው ቢሆን እያንዳንዳቸው ስንት ብር ይከፍላሉ?
2. ከፍታ ያመመውን ሰው ምን ማድረግ ይገባል?
3. በአካባቢያችን እንግዳ ሊያየው የሚመጣ ምን ነገር አለ? ማን ይጠብቀዋል?