ከሠዓሊው ደጅ የሚገኝ ትምህርት

በአገራችን ሥዕል ከትምህርት ቤት በፊት መምህር ነበረው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። የእርሱን አሣሣል የተከተሉ፣ ግን የሌላ ሰው እጅ ያረፈባቸው ሥዕሎችም አሉ፤ ባለሙያዎች በእርሱ ዙሪያ የሠሩ ሠዓልያን ሥራ አድርገው ያዩዋቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እስከ ቅርብ ዘመን ተማሪውን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ልጁ ቀለም ይበጠብጣል፣ ሸራ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ የልብሱን ጥለት ይሞላል። ፊትና ዓይን የመምህሩ ናቸው፤ ለተማሪው የሚፈቀዱለት እጁ ሲፈታ ነው።

ሥዕልን ወደ ዘመናዊ ክፍል ያስገቡት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው እየተጠራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ትምህርት ቤቱን ያቆመው ሥርዓተ ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ መምህራኑ ራሳቸው በሥራ ላይ የነበሩ ሠዓልያን መሆናቸውም ጭምር ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን እዚያ ሲያስተምሩ ተማሪው መምህሩ ሲሥል፣ ሲያጠፋ፣ ደግሞ ሲጀምር የማየት ዕድል ነበረው። ይህ ሐረግ አልተቋረጠም። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን ስትከፍት ሥራውን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ፣ ለብዙ ዓመታት እዚሁ ያስተማሩት የታደሰ መስፍን ተማሪ ነው።

መምህር ግን ሁሉን ሊሆን አይችልም። ክፍል ውስጥ ተማሪው የሚሠራው ለማርክ ነው፤ የሥራውን መጠን፣ ጊዜውንና ቁሳቁሱን የሚወስንለት መምህሩ ነው። ተማሪው ለልምምድ የሠዓሊ ስቱዲዮ ሲገባ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ኤልያስ ስሜን እንውሰድ። የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቦርድና የኪቦርድ ቁልፍ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ አሰባስቦ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ሰሌዳ ላይ እየመታ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ይሠራል። እንዲህ ያለ ሥራ የብዙ እጅና የብዙ ወር ልፋት ውጤት ነው። አጠገቡ የቆመ ተማሪ ሽቦን በቀለሙ መለየት ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትን፣ የሰው ኃይል ማስተባበርንና አንድን ሐሳብ ለዓመታት ሳይሰለቹ መከተልን ያያል። ይህ በፈተና አይጠየቅም።

ጋለሪ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ብዙ ተማሪ ሳያውቀው የሚመረቀውም ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እነ አስኒና ማኩሽ ከቀደሙት ናቸው፤ አዲስ ፋይን አርት በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ በኋላ ለንደንም ሥራ ጀመረ። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲውም በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለው፤ እንደ እኔ ከሆነ የመጀመሪያው የልምምድ ቦታ መሆን ያለበት ይኸው የገዛ ቤት ነው።

ጋለሪ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ሥዕል መያዝን ነው። ሁለቱን ጎን በንጹሕ እጅ ይይዛል፤ የተሣለበትን ፊት አይነካም። ሲሰቅል የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ላይ ይውላል፣ መጋደሉ በውሃ ልክ ይታያል፤ ትልቅና ትንሽ ሥዕል ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚስተካከለው መካከላቸው እንጂ የላይ ጠርዛቸው አይደለም። ሸራ ተጠቅልሎ የሚላክ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ጥቅል ላይ ይጠመጠማል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ይህን ያላወቀ ሠዓሊ የወራት ሥራውን በአንድ ጉዞ ሊያጣ ይችላል። ቀጥሎ ወረቀቱ አለ፦ ርዕስ፣ መጠን፣ ቁሳቁስ፣ ዓመት፤ ዋጋና የጋለሪው ኮሚሽን፤ ሥዕሉ ከአገር ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ፈቃድ። ሠዓሊ ሆኖ በሥዕሉ መኖር የሚፈልግ ወጣት ይህን ሁሉ ከተመረቀ በኋላ በኪሳራ ከሚማረው፣ ተማሪ ሳለ በሌላው ሥራ ላይ ቢማረው ይሻላል።

ችግሩ ይህ የልምምድ ዕድል የሚገኝበት መንገድ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና የሚባል የታወቀ አሠራር አለ፤ ተቋሙና ድርጅቱ ይዋዋላሉ፣ ሠልጣኙ ይመደባል። በሥዕል ግን ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው ትውውቅ ነው። መምህሩ ስልክ ይደውላል፤ ወይ ተማሪው በየኤግዚቢሽኑ መክፈቻ እየተገኘ ሠዓሊውን ደጅ ይጠናል። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ከተማው ውስጥ ሰው የሌለው ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል። ሴት ተማሪም እስከ ምሽት የሚዘልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ችግር ቢገጥማት ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ እንድትገባ መጠበቅ አይገባም። ጋለሪዎቻችን ትንንሽ ናቸው፤ ባለቤቷ ራሷ ኩሬተርም፣ ሒሳብ ሠራተኛም፣ በር ከፋችም ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ ተማሪው ቡና አቅራቢና ተላላኪ ሆኖ ወሩን ሊጨርስ ይችላል። ሸራ መወጠርና ስቱዲዮ መጥረግ የትምህርቱ አካል ነው፤ ግን ትምህርቱ እሱ ብቻ ሲሆን የጉልበት ሥራ ይባላል።

የገንዘብ ችግርም አለ። ቀለም፣ ሸራና ታክሲ ውድ በሆኑበት ከተማ ያለ አንድ ሳንቲም ሙሉ ቀን መዋል የሚችለው ቤተሰቡ የሚረዳው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ከቀጠልን ነገ ሥዕላችን የማን ኑሮ እንደሚታይበት ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ጋለሪ ያላችሁ፣ ስቱዲዮ የከፈታችሁ ሠዓልያን፦ ተማሪ ስትቀበሉ ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ገጽ ውል ጻፉ። ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚከታተለው ይጻፍ። የትራንስፖርቱን ቻሉለት። በሥራው ላይ እጁ ካለበት ደግሞ ስሙን ካታሎጉ ላይ አስፍሩለት።