ለዕለታዊ ልምምድና ለእግር ጉዞ የሚመረጥ ጫማ፤ ከአዲስነቱ ይልቅ ለእግር መመቸቱ ይቀድማል

አትሌት አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር በሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድርን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ሮጦ ሲሆን፣ ለዚህ ምክንያት ከሆኑት መካከል ከውድድሩ በፊት የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን አለመመቸታቸው ይገኝበታል። አትሌቱ ውድድሩን ያጠናቀቀው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በቶኪዮ ድሉን የደገመው ግን ጫማ አድርጎ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የማይመች ጫማ አዲስ በመሆኑ ብቻ እንደማይጠቅም ነው።

ጉዳዩ ዛሬ አትሌቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ማንኛውም አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ ይኖርበታል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አብዛኛውን የሥራ ሰዓት በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያሳልፍ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ይህን መጠን ለማሟላት ቀላሉ መንገድ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተወሰነ ርቀት በእግር መጓዝ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እና በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከተሽከርካሪ ነፃ የሆነ የእንቅስቃሴ ቀንም በርካታ የከተማ ነዋሪዎችን ወደ መንገድ አውጥተዋል። በመሆኑም ለዚሁ ተግባር የሚውል ጫማ እንዴት እንደሚመረጥ ማወቅ ከጤናም ሆነ ከቤተሰብ በጀት አኳያ ተገቢ ነው።

ለዕለታዊ ልምምድ የሚሠሩ ጫማዎች በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያው በንግዱ ዓለም «ኒውትራል» እየተባለ የሚጠራው ሲሆን፣ የእግርን ተፈጥሯዊ አረጋገጥ ለመለወጥ የታሰበ ተጨማሪ ድጋፍ የሌለው ጫማ ነው። ሁለተኛው እግር መሬት ሲረግጥ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ እንዳይዘነብል በውስጥ በኩል ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም ሌላ ድጋፍ የተደረገለት ነው። እግር በሚያርፍበት ጊዜ በመጠኑ ወደ ውስጥ መዘንበሉ ጉድለት ሳይሆን የመሬቱን ግፊት የሚቀንስበት ተፈጥሯዊ መንገድ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ቀደም ሲል የእግራቸው መሐል ጠፍጣፋ የሆነ ሰዎች ሁሉ ድጋፍ ያለውን ጫማ እንዲገዙ ይመከር ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የታተመ የዴንማርክ ጥናት ይህን አስተሳሰብ ጥያቄ ውስጥ አስገብቶታል። ጥናቱ ድጋፍ የሌለው ጫማ የተሰጣቸውን 927 ጀማሪ ሯጮች ለአንድ ዓመት የተከታተለ ሲሆን፣ የእግር ወደ ውስጥ መዘንበል ብቻውን ለጉዳት የመጋለጥ ዕድልን እንደማይጨምር አመልክቷል። ከዚህ የተነሳ የተለየ ሕመም ለሌለበት ጀማሪ ድጋፍ የሌለውና የሚመች ጫማ በቂ መነሻ ሊሆን ይችላል።

አምራቾች እነዚህን ጫማዎች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እያሻሻሉ በተከታታይ ቁጥር ለገበያ ያቀርባሉ። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የብሩክስ ኩባንያ «ጎስት» የተባለው ጫማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 16ኛው እትም የመካከለኛው ሶል ስፖንጅ ናይትሮጂን ጋዝ እየተጨመረበት እንዲሠራ ተደርጓል። ዓላማውም ሶሉ ሳይከብድ ልስላሴው እንዲጨምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 17ኛው እትም ደግሞ በተረከዝና በፊት እግር መካከል ያለው የሶል ከፍታ ልዩነት ከ12 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። በአሜሪካ የተተመነው የመሸጫ ዋጋም ከ140 ወደ 150 ዶላር ከፍ ብሏል።

የሁለት ሚሊ ሜትር ለውጥ ኢምንት ቢመስልም ትርጉም አለው። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ በባትና በተረከዝ ጅማት ላይ የሚያርፈውን ጫና ሲያቃልል፣ ዝቅ ያለው ግን ጫናውን ወደዚያው ያመጣዋል። ስለዚህ ስሙ አንድ ቢሆንም አዲሱ እትም ከቀድሞው ጋር በሁሉም ረገድ አንድ ነው ማለት አይቻልም። ቀደም ሲል የተስማማውን ጫማ በአዲሱ የሚተካ ሰው ሳይለካ መግዛት የለበትም። ከገዛም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጭር ርቀት እየተጓዘ እግሩን ማለማመድ ይኖርበታል።

ውድ ጫማ ሁሉ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ይበጃል ማለትም አይደለም። አትሌት ትዕግስት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የወቅቱን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋውም 500 ዶላር ነበር። ይሁንና ጫማው የተሠራው ለአንድ የማራቶን ውድድር ታስቦ በመሆኑ በየቀኑ በኮብልስቶንና በዳገት ላይ ለሚመላለስ ሰው የሚሆን አይደለም። ለዕለታዊ አገልግሎት የሚመረጠው ወፈር ያለ የታች ጎማና በቶሎ የማይሟሽሽ ስፖንጅ ያለው ጫማ ነው።

ጫማ በሚገዛበት ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። እግር በቀን ውስጥ በመጠኑ ስለሚያብጥ ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱም እግሮች፣ ለጉዞ በሚለበሰው ካልሲ፣ ቆሞ መለካት አለባቸው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ተረከዝ ከኋላ መንሸራተት፣ የእግር ጎንም መጨነቅ የለበትም። «ሲለመድ ይሰፋል» በሚል ጠባብ ጫማ መግዛት ለቁስልና ለጥፍር መጎዳት ይዳርጋል።

የጫማ ዕድሜም ገደብ አለው። ለመሮጫ የሚውል ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ካገለገለ በኋላ እንዲለወጥ ይመከራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 5 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው 500 ኪሎ ሜትር የሚሞላው በ20 ሳምንታት፣ 800 ኪሎ ሜትር የሚሞላው ደግሞ በ32 ሳምንታት ነው። በእግር ጉዞ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሩጫ ያነሰ በመሆኑ ለጉዞ ብቻ የሚውል ጫማ ከዚህ በላይ ሊቆይ ይችላል።

በአነስተኛ ዋጋ የሚገኘው ሰልባጅ ለብዙዎች አማራጭ በመሆኑ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጫማው የላይኛው ክፍል ታጥቦ አዲስ ቢመስልም ስፖንጁ ቀድሞ የተሟሸሸ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ጫማውን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ በማየት መለየት ይቻላል። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ የሶሉ ጎን በጥልቅ የተጨማደደ ወይም የታች ጎማው አልቆ ስፖንጁ የሚታይ ከሆነ መተው ይሻላል። እንዲህ ያለው ጫማ ለቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ የተቀረጸ በመሆኑ ለአዲሱ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። ሕመሙ የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል ጫማው ቢልጥም ላይታወቃቸው ይችላል። በመሆኑም ከማድረጋቸው በፊት የጫማውን ውስጥ በእጅ መዳሰስ፣ ካወለቁ በኋላ እግራቸውን በየዕለቱ መመልከትና የጫማ ምርጫቸውን ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባቸዋል።

አያያዝም የጫማን ዕድሜ ያራዝማል። በዝናብ የራሰ ጫማ ከምድጃ አጠገብ ወይም በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት በጥላ ሥር መድረቅ አለበት። ክሩን ሳይፈቱ ማውለቅና ተረከዙን ረግጦ መሄድም ጫማው እግርን የሚይዝበትን የኋላ ክፍል ያበላሻል።

በአጠቃላይ ሲታይ «የተሻሻለ» የሚለው ቃል አምራቹ በጫማው ላይ ያደረገውን ለውጥ እንጂ ለገዢው እግር መስማማቱን አያመለክትም። የዘንድሮው እትም ከአምናው የሚበልጠው ለእግር ሲመች ብቻ ነው። ካልተመቸ ግን በቅናሽ የሚሸጠው፣ አገልግሎት ላይ ያልዋለው ያለፈው ዓመት እትም የተሻለ ምርጫ ይሆናል።