የጥራጥሬ ባክቴሪያዎች ከድርቀት ስለሚድኑበት ስኳር

ባቄላ፥ አተር፥ ምስር ወይም ሽምብራ የተዘራበት መሬት ለከርሞው ስንዴን ወይም ጤፍን አብልጦ እንደሚያፈራ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ምክንያቱ ግን የተገለጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም.፥ የጥራጥሬ ተክል ናይትሮጅን የተባለውን የአየር ክፍል በሥሩ እባጮች አማካይነት ለምግቡ እንደሚያገኝ አስታወቁ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንዱ ሊቅ ቤየሪንክ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣ።

እነዚህ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች በጋው መሬቱን ሲያደርቀው ብዙዎቹ ቢሞቱም፥ ከፊላቸው እስከ ክረምት የሚቈዩበት ዘዴ አላቸው። ውሃ ሲያንሳቸው ትረሃሎስ የሚባል፥ ከሁለት የግሉኮስ ክፍሎች የተጋጠመ ስኳር በአካላቸው ውስጥ ያከማቻሉ። ይህም ስኳር የወጣውን ውሃ ተክቶ ቀጭኑን ሽፋናቸውን ከመሰንጠቅ ይጠብቃል፤ ድርቀቱ ሲበረታም እንደ ብርጭቆ ጠጥሮ የውስጥ አካላቸውን በነበረበት ያጸናዋል። ከውጭም ከስኳር የተሠራ ልጋግ አውጥተው እንደ ካባ ይለብሱታል፤ እርሱም ርጥበትን ይይዝላቸዋል። ትረሃሎስን ለመሥራት የማይችሉት ባክቴሪያዎች በድርቀት ፈጥነው እንደሚሞቱ በምርመራ ተረጋግጧል።

ዳሩ ግን ስኳሩን ለመሥራት ጊዜ ያስፈልጋል። አፈር ቀስ በቀስ ሲደርቅ ባክቴሪያው ይዘጋጃል፤ ከዘር ጋራ ተለውሶ በፀሐይ ላይ የተሰጣ ሕያው ማዳበሪያ ግን በድንገት ስለሚደርቅ፥ ባክቴሪያው ስንቁን ሳያዘጋጅ ያልቃል። ገበሬውም ገንዘቡን ከፍሎ የሞተ ነገር ዘርቶ ይቀራል።

ስለዚህ ሕያው ማዳበሪያ የሚያድሉ አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለእርሻዎች የሚከተለውን ሊጠብቁ ይገባል። ማዳበሪያው ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቤት ይቀመጥ። ከዘር ጋራ የሚለወሰው በጥላ ሥር ይሁን፤ የተለወሰውም ዘር በዚያው ቀን በርጥብ መሬት ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይልበስ። ለባቄላ፥ ለአተርና ለምስር የሚሆነው ባክቴሪያ ለሽምብራ ስለማይሆን፥ ለየአዝርዕቱ የተዘጋጀው ተለይቶ ይታደል።

ውጤቱን ለመመርመር ብዙ ድካም አያስፈልግም። ተክሉ ሲያብብ ጥቂቱን ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅሎ እባጩን መሰንጠቅ ይበቃል። ውስጡ ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቢሆን ባክቴሪያው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ግን አይሠራምና፥ ማዳበሪያው ከመጋዘን እስከ ማሳ እንዴት እንደ ተያዘ መመርመር ያስፈልጋል።