ካሚዮኑ አልነሣም ሲል

በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ መንገድ የሚመላለስ ወንድም ማለዳ ላይ ይህን ሳያይ አይቀርም። አንድ አሮጌ ካሚዮን ዳር ይዞ ቆሟል፤ ረዳቱ ከኋላ ይገፋል፤ ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፤ ሞተሪኖው እየደከመ ያቃስታል። ጥቂት ቆይቶ ባትሪው ያልቅና በአንዱ ሕመም ላይ ሁለተኛ ይጨመራል። ከዚያ ባለቤቱ ተበድሮ ካንዴላ ይገዛል፤ በማግሥቱ ቦቢና፣ በሠልስቱ ባትሪ። ይህን የምንጽፈው ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሕመሙ በአንድ ትንሽ አምፑል ሊታወቅ ስለሚችል ነው።

አስቀድሞ ሞተሩ ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያመጣው ትሬንታ ኳትሮም ሆነ ኋላ አገሩን ያዳረሰው ኤንትሬ ፊያት ናፍጣ ስለሆኑ ብልጭታ አያውቁም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ታምቆ በጋለ አየር ነው። በእነዚህ ላይ የብልጭታ ካንዴላ መፈለግ ከበሬ ወተት መፈለግ ነው።

በቤንዚኑ ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ሲሆን፣ ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት እንዲዘል ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያበዛው ቦቢናው ነው። በወፍራሙ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከፍተኛው ቮልት ይወለዳል። ቆራጩም በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው ፑንቲና ነው። እኛ በፊዚክስ ክፍል የፋራዴይ ሕግ ብለን የተማርነው ይኸው ነው። የጋራዡ ልጅ ሕጉን ሳይሰማ ፑንቲናውን ያስተካክላል፤ እኛ ሕጉን እየቈጠርን ፑንቲናው የቱ እንደሆነ አናውቅም። ቃላቱንም እርሱ ከጣሊያን፣ እኛ ከእንግሊዝ ስለወሰድን ብንገናኝ እንኳ መግባባቱ ያስቸግራል።

ሞተሪኖው ደክሞ የሚያዞር ከሆነ መጀመሪያ የባትሪው ጫፎች ይታዩ፤ ነጭ ዝገት ይዞአቸው ይሆናል። ተገፍቶ የሚነሣ፣ በቁልፍ ግን የማይነሣ ካሚዮን ብዙውን ጊዜ ሕመሙ እዚህ ነው። ሞተሪኖው በደንብ ካዞረ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ፣ ገመዱን መልሶ ሰክቶ፣ ቤንዚን ካልፈሰሰበት ቦታ በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይዞ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ አካል ማስነካት ነው። ሞተሩ ሲዞር ሰማያዊና የሚንጣጣ ብልጭታ ከታየ ወደ ቤንዚኑ መሥመር መሄድ ይሻላል። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ አምፑሉ ይምጣ።

የ12 ቮልቱን አምፑል አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ቀጭን ሽቦ ከሚሰድበት ጫፍ ማስነካት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው ይሠራል፤ እንግዲህ የሚጠረጠሩት ቦቢናው፣ ኮንደንሰሩና ወፍራሞቹ ገመዶች ናቸው። ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ፑንቲናው አይገናኝም፤ ጠርጎ ክፍተቱን የመኪናው መመሪያ እንደሚለው፣ ብዙውን ጊዜ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማድረግ ነው። ከቶ ካልበራ ኤሌክትሪኩ ቦቢናው ዘንድ አልደረሰም ወይም ፑንቲናው አይከፈትም፤ አምፑሉን ወደ ቦቢናው ሌላ ጫፍ ማዛወር ይህን ይለየዋል።

የአየር ጤና ስም ያማረ ቢሆንም አየሩ ለካርቡራቶሪ ስስ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ለቆላ የተሠራ ካርቡራቶሪ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል፤ ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን መዝለል ትቶ በጥላሸቱ ይሾልካል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛት በፊት አሮጌውን መጥረግ ነው። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ደረቅ ጨርቅ ብቻ የሚያድነው ካሚዮን ብዙ ነው።

በካርቡራቶሪው አፍ ቤንዚን ማፍሰስ ግን ይቅር። ብልጭታ የሌለው ሞተር በቤንዚን ብዛት አይነሣም። ብልጭታው ያለ ጊዜው ቢመጣ ደግሞ ነበልባሉ በዚያው አፍ ተመልሶ ይወጣል፤ ከላዩ ጎንበስ ብሎ የቤንዚኑን ጣሳ የያዘው ረዳቱ ነው።