ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚያበቃውን የንግድ ትምህርት ስለ መምረጥ

ልጅን ከዩኒቨርሲቲ ማስገባት ለወላጅ ታላቅ ደስታ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከገባ በኋላ የትኛውን ትምህርት መያዝ እንደሚገባው መምከር ከማስገባቱ ይልቅ ብዙ ማሰብን የሚጠይቅ ሆኖ አግኝተነዋል። ይልቁንም ልጁ የሚመኘው መምህርነት፥ የሚወደውም የንግድ ትምህርት የሆነ እንደ ሆነ ጉዳዩ ይጠባል። ይህንንም የምንለው ከአንድ ቤተ ሰብ ያየነውን አስበን ነው።

በዶሮ ማነቂያ፥ የሰፈሩ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሳቸው አስቀድሞ፥ ዕድሜያቸውን በሒሳብ መዝገብ ሥራ የፈጸሙ አንድ አዛውንት ይኖሩ ነበር። የልጅ ልጃቸው በመሰናዶ ትምህርት ቤት ሳለች «ጄኔራል ቢዝነስ» የሚባለውን ትምህርት እጅግ ወደደች፤ ያስተማራትንም መምህር አይታ «እኔም እንደ እርሱ ቆሜ ይህንኑ አስተምራለሁ» ብላ ቆረጠች። ዩኒቨርሲቲ በገባች ጊዜ ግን የትምህርት ክፍል ስትመርጥ ያማከረችው ባልንጀሮቿን ብቻ ነበር፤ እነርሱም ወደ ገበያ ጥናት፥ ማርኬቲንግ ወደሚሉት፥ ስለ ሄዱ ተከትላቸው ሄደች። ትምህርቱን በመልካም ውጤት ፈጸመች፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነውንም የመውጫ ፈተና አለፈች።

ከዚያ በኋላ ማስረጃዋን ይዛ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄደች። ርእሰ መምህሩም በትሕትና ተቀብለው ወረቀቷን ካዩ በኋላ «እኅቴ፥ የተማርሽው መልካም ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ያለው ቦታ የኢኮኖሚክስ ነው፤ ዲግሪሽም ኢኮኖሚክስ አይልም» አሏት። ያ የወደደችው ጄኔራል ቢዝነስ እርሷ በዩኒቨርሲቲ ሳለች በወጣው በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ራሱን ችሎ አልቀጠለም። በእርሱ ፈንታ ኢኮኖሚክስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። እንግዲህ ልጅቷ አራት ዓመት የደከመችው ለሌለ ወንበር ኖሯል።

አዛውንቱ ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጧትም። «ልጄ፥ ሒሳብ የሚሳሳተው ሲደመር ይመስላል እንጂ መጀመሪያ በመዝገብ ሲጻፍ ነው» ብለው ዝም አሉ። በዚያው ዓመት ቤቱም ስለ ፈረሰ ቤተ ሰቡ ከከተማው ዳር ወጥቶ ሰፈረ፤ የቤቱንም ዕቃ ሲጭኑ የልጅቷ የምረቃ ፎቶግራፍ በአሮጌ መዝገቦች መካከል ተጠቅልሎ ሄደ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ይህ የሆነው በአራዳ መሆኑ ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ፥ ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ፥ የአገሩ ንግድ ዋና ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የንግድንና የውጭ ጉዳይን ሥራ አንድ ላይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰጡ፤ በስማቸው የሚጠራውም ትምህርት ቤት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ። ሆኖም በዚያ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡት መምህራን ዋና አድርገው ያስተማሩት ቋንቋ ነበርና፥ ሥራውን በ1898 ዓ.ም. የጀመረውን የአቢሲኒያ ባንክን መዝገብ የሚይዝ የአገር ልጅ ወዲያው አልተገኘም። ንግዱ በደጃችን ሳለ የንግድ ትምህርት የዘገየብን እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ይኖራል።

ኢኮኖሚክስንም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ይሳሳታል። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሟል። በጉምሩክና በምድር ባቡር ሥራ ያዩትን ይዘው ስለ ሀብትና ስለ ንግድ የጻፉ ሰው ናቸውና፥ የኢኮኖሚክስ መምህር ለመሆን የሚያስብ ወጣት ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ወደ ክፍል ባይገባ እንወዳለን።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። በዛሬው ሥርዐት ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚያበቃው መንገድ ሁለት ደጅ አለው። የመጀመሪያው የትምህርቱ ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተጀመረው ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የማስተማር ዲፕሎማ ነው፤ በእርሱም የልጆች ሥነ ልቡና፥ የትምህርት ዝግጅት፥ የፈተና አወጣጥ፥ በትምህርት ቤትም ሄዶ መለማመድ ይገኛል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ደጅ አይቶ «እርሱን በኋላ እወስዳለሁ» ይላል። ነገር ግን ሁለተኛው ደጅ የመጀመሪያውን ስሕተት አያርምም። የማስተማር ዘዴ የተማረ ሰው የሚያስተምረው ነገር ከሌለው ዘዴው ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ፥ ተማሪው በውጤቱና በፈቃዱ ወደ ትምህርት ክፍል በሚመደብበት ሰዓት ነው። ማስተማር የሚወድ ልጅ አስቀድሞ የሁለተኛ ደረጃውን የመማሪያ መጽሐፍ ገልጦ ያንብብ፤ የሚያስተምረው ያንን ነውና። በውስጡ የዋጋን፥ የፍላጎትንና የአቅርቦትን ነገር፥ የአገር ገቢን አቆጣጠር፥ የባንክንና የግብርን ጉዳይ ያገኛል። ይህን ሁሉ በሙላት የሚሰጠው የኢኮኖሚክስ ክፍል ነው፤ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፥ ስታቲስቲክስ፥ የልማት ኢኮኖሚክስና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የሚባሉት ኮርሶች በእርሱ ይገኛሉና። የሒሳብ አያያዝ የተማረውም ማይክሮንና ማክሮን ይቀምሳል፤ ነገር ግን መቅመስና መጥገብ ልዩ ልዩ ነው። ኢኮኖሚክስ የያዘው ልጅ ደግሞ የሒሳብ አያያዝ መግቢያ የሚሰጥ ሆኖ ሲያገኝ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ በቸልታ እንዳያልፈው እንመክራለን። ደብተር ላይ ዕዳና ገቢን ለይቶ ማሳየት የማይችል መምህር ስለ ባንክ ሲናገር ተማሪው ቶሎ ያውቅበታል።

የሌላውንም አገር ልማድ ብንጠይቅ ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። በአየርላንድ የመምህራን ምክር ቤት የንግድ መምህር የሚሆነውን ሰው በዲግሪው ስም ብቻ አይመዘግበውም፤ በዩኒቨርሲቲ የወሰዳቸውን ኮርሶች ከውጤት መግለጫው ላይ ይመረምራል። በታችኛው የሁለተኛ ደረጃ ክፍል የንግድ ትምህርት አንድ ሆኖ ይሰጣል፤ በላይኛው ግን የሒሳብ አያያዝ፥ የንግድ ሥራና ኢኮኖሚክስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ስለዚህ በአንዱ ብቻ የጠለቀ ሰው ይጎድለዋል። በዚያ አገር ያለ ተማሪ ኮርስ ሲመርጥ የምክር ቤቱን ደንብ ከአጠገቡ አድርጎ ነው።

በእኛም አገር መምህርነትን ሳይቀምሱ መምረጥ ያልነበረበት ዘመን ነበረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም በትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። አንዳንዱ በዚያ ዓመት መምህርነት ዕጣው መሆኑን ዐወቀ፥ ሌላውም ዕጣው አለመሆኑን ዐወቀ፤ ሁለቱም ትርፍ ነው።

እውነቱን ላለመደበቅ፥ የሒሳብ አያያዝ የተማረ ልጅ ባንክ ሲያገኝ ወደ ትምህርት ቤት ዘወር ብሎ አያይም፤ ደሞዙ ይለያያልና አንፈርድበትም። ወላጅም ልጁን ወደ መምህርነት ሲመራ ይህን ሳይሸሽግ ሊነግረው ይገባል። ከነገሩት በኋላም «አስተምራለሁ» የሚል ልጅ ከተገኘ፥ ያን ጊዜ መንገዱን ማስተካከል የቤተ ሰቡ ፋንታ ነው።

የዚያች ልጅ ታናሽ ወንድም ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ እርሱም ማስተማር ይወዳል። በአንድ እሑድ ከአዲሱ ቤታቸው ሄደን ሳለ የምርጫውን ቅጽ ይዞ መጣ። እኅቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ እያንዳንዱን ክፍል እየጠቆመች «ይህ በትምህርት ቤት ወንበር አለው፤ ይህ የለውም» ትለው ነበር። እርሷ ራሷ ለጊዜው በአንድ ሱቅ ሒሳብ ትይዛለች፤ ኢኮኖሚክስንም በማታ ትምህርት እንደ ገና ከመጀመሪያው ለመጀመር ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ልጁም በመጀመሪያው ረድፍ ኢኮኖሚክስን መጻፉን አዩ።

«የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የሚሉት ኮርስ በስንተኛው ዓመት ነው የሚሰጠው?» ብለው ጠየቁት።

«በሦስተኛው ይመስለኛል፥ አባባ።»

«ይመስለኛል ብለህ አትፈርም፤ ነገ ጠይቀህ ና» ብለው ቅጹን ሳይፈርም መለሱለት።