ድምፅና ጣት፦ የክላሲካል ሙዚቀኞች የሥራ ዘመን ሲዳሰስ

በዲሴምበር 1978 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዋሽንግተኑ ኬኔዲ ማዕከል በዕድሜ ልክ ሥራቸው የተመሰገኑ አምስት የጥበብ ሰዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸለመ። ከአምስቱ አንዷ ፊላደልፊያ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ያደገችው ድምፃዊት ማሪያን አንደርሰን ነበረች፤ ሌላው ፖላንድ የተወለደው ፒያኒስት አርተር ሩቢንስታይን። እሷ 81፣ እሱ 91 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱንም ለዓመታት ከከተማ ከተማ እያዞረ ኮንሰርት ያዘጋጀላቸው ሶል ሁሮክ የሚባል አንድ ሰው ነው። የመድረክ ዕድሜያቸው ግን ለየቅል ነበር። አንደርሰን መድረኩን ከተሰናበተች 13 ዓመት አልፏታል። በአሥር ዓመት የሚበልጣት ሩቢንስታይን ግን የመጨረሻ ኮንሰርቱን ለንደን ዊግሞር ሆል ውስጥ ከተጫወተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ያስቆመውም የዓይኑ መድከም ነው።

ስለዚህ ሙያ ታላላቅ ሰዎች ሲወራ ሽልማቱ፣ ጭብጨባውና የአዳራሹ ስም ይቀድማል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የሥራ ዘመናቸው አካሄድ ነው ባይ ነኝ። መቼ ጀመሩ? ምኑን እምቢ አሉ? ሲሰበሩ ምን አደረጉ? መቼስ በቃኝ አሉ?

ከድምፅ እንነሣ። የኦፔራ ድምፃዊ የሚዘፍነው ያለ ማይክሮፎን ነው። ከፊቱ ስልሳ ሰባ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁለት ሦስት ሺህ ተመልካች አለ። ይህን በጉልበት ብቻ መሻገር አይቻልም። የሠለጠነ ድምፃዊ የጉሮሮውን ቅርፅ አስተካክሎ የድምፁን ኃይል 3,000 ኸርዝ አካባቢ ማሰባሰብ ይማራል። ኦርኬስትራው አብዛኛውን ኃይሉን የሚያወጣው ከዚያ በታች፣ 500 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ የዘፋኙ ድምፅ ክፍት በተተወው ቦታ አልፎ ከኋላ ወንበር ይደርሳል። የሰው ጆሮም እዚያ ከፍታ ላይ ላለ ድምፅ ንቁ ነው። ይህን ለመካን ዓመታት ይፈጃል። ቀለል ያለ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) በሃያዎቹ አጋማሽ ለመድረክ ሊደርስ ይችላል፤ የኦፔራ ደራሲውን የዋግነርን ከባድ ገጸ ባሕርያት የሚሸከም ድምፅ ግን የሚበስለው ብዙ ጊዜ ከሠላሳዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። መሣሪያው ሥጋ ነውና ጉንፋንም፣ እርግዝናም፣ እርጅናም፣ ሐዘንም ይነካዋል።

ስዊድናዊቷ ድምፃዊት ጄኒ ሊንድ ይህን የተማረችው ገና በ20 ዓመቷ ነው። ሥራ በዝቶባት ድምፅዋ ሻክሮ ሳለ በ1841 ፓሪስ ይኖር ወደነበረው መምህር ማኑዌል ጋርሲያ ሄደች። ጋርሲያ ካዳመጣት በኋላ ለሳምንታት እንዳትዘፍን፣ ንግግርም እንድትቀንስ አዘዛት። ታዘዘች፤ ስትመለስም ከትንፋሽ አወሳሰድ ጀምራ እንደ አዲስ ተማረች። ይኸው ጋርሲያ በ1854 በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ የድምፅ አውታሮቹ ሲንቀሳቀሱ ለማየት በቃ፤ የጉሮሮ ምርመራ ትልቅ እርምጃ የተራመደው በአንድ የዘፈን አስተማሪ ጉጉት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሊንድ ደግሞ ዝናዋ ጣሪያ በነካበት በ1849፣ በ28 ዓመቷ ኦፔራን ተወችና ድምፅዋን ለኮንሰርት አዳራሽ አቆየችው። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካ ስትገባ የኒው ዮርክ ሕዝብ ወደብ ድረስ ወጥቶ ነው የተቀበላት።

ማሪያ ካላስ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በጃንዋሪ 1949 ቬኒስ ውስጥ፣ በ25 ዓመቷ፣ የዋግነርን ‹ዲ ቫልኪረ› እየዘፈነች ሳለ የቤሊኒን ‹ኢ ፑሪታኒ› ልትዘፍን የነበረችው ድምፃዊት ታመመችና ካላስ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጥንታ ተካቻት። አንዱ ከባድና ሰፊ ድምፅ፣ ሌላው እንደ ልብ የሚገለባበጥ ቀጭን ድምፅ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። በአንድ ጉሮሮ ሁለቱን በአንድ ሰሞን ያሳካ ሰው ያን ጊዜም ዛሬም ብርቅ ነው። ዕዳው ግን ቆይቶ መጣ። የመጨረሻ የኦፔራ ትርዒቷን በ1965 ለንደን ላይ ‹ቶስካ›ን ስትዘፍን ገና 41 ዓመቷ ነበር። ድምፅዋ ለምን ቶሎ ደከመ በሚለው ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክብደት በመቀነሷ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። እኔ ያ የመጀመሪያ ዓመታት ጭነት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። በ1971 እና 1972 ኒው ዮርክ ጁሊያርድ ትምህርት ቤት ተማሪ ፊት ቆማ ስታስተምር የተቀዳውን ግን ስሙት። አንዲት ሐረግ ለምን እንደምታዘግም፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ስታስረዳ ድምፅዋ ቢሰነጠቅም ዕውቀቱ እንዳለ ነው።

ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው የሊዮንቲን ፕራይስ ታሪክ ይመስለኛል። ሚሲሲፒ ውስጥ ሎረል በምትባል ትንሽ ከተማ በ1927 የተወለደችው ፕራይስ ስሟ ከሁሉ በላይ የተያያዘው ከ‹አይዳ› ጋር ነው። አይዳ በቨርዲ ኦፔራ ውስጥ ግብፅ ላይ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ነበር፤ በዲሴምበር 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አራት ዓመት ሳይሞላ ይኸው እስማኤል እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ አዘመተ፤ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተመታ። መድረኩ ላይ የተሸነፈችው አገር ሜዳው ላይ አሸነፈች።

ፕራይስ በጃንዋሪ 1961 ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ በ‹ኢል ትሮቫቶሬ› ስትጀምር ጭብጨባው ከ40 ደቂቃ በላይ እንደቆየ ይነገራል። የተሰናበተችው ደግሞ በጃንዋሪ 3 ቀን 1985 እዚያው ቤት በ‹አይዳ› ነው። ትርዒቱ በቴሌቪዥን ስለተላለፈ ዛሬም ማየት ይቻላል። በሦስተኛው ክፍል አይዳ አባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላያትም ብላ ታለቅሳለች። ፕራይስ የመጨረሻዋን ከፍተኛ ድምፅ ይዛ ቀስ አድርጋ ስታሳርፍ አዳራሹ ይፈነዳል። እሷ ከገጸ ባሕርይዋ ላለመውጣት ፊቷን አጽንታ ትቆማለች፤ ጭብጨባው ግን ደቂቃዎችን ያስቆጥራልና ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ካሜራው ይይዛታል። ያን ጊዜ 57 ዓመቷ ነበር፤ ድምፁ ገና ሙሉ ነው። ሰው ገና ትዝፈንልን እያለ መውጣትን መርጣ ነው። ኦፔራ አቁማም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ በኮንሰርት ዘፍናለች።

የሜትሮፖሊታን በር እንደ ፕራይስ ላሉ ጥቁር ድምፃውያን የተከፈተው ማሪያን አንደርሰን ስላንኳኳችው ነው። በ1939 ዋሽንግተን ያለው ኮንስቲትዩሽን ሆል ጥቁር በመሆኗ አዳራሹን ሲከለክላት አንደርሰን በፋሲካ ዕለት ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ ለ75,000 ሰው ዘፈነች። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረኩን የሰጣት ግን በ1955 ነው፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር ብቸኛ ድምፃዊት ሆና፣ በ57 ዓመቷ። ፕራይስ በተሰናበተችበት ዕድሜ አንደርሰን ጀመረች ማለት ነው። በድምፅዋ ምርጥ ዘመን በሩ ባይዘጋባት ኖሮ ያ መድረክ ምን ይሰማ ነበር? ይህን ሳስብ እቆጫለሁ። የስንብት ጉዞዋን በ1964 የጀመረችው በዚያው በኮንስቲትዩሽን ሆል ነው።

ድምፃዊና ፒያኒስት በአንድ መድረክ የሚገናኙበት ሙያ አለ፤ አጃቢነት። እንግሊዛዊው ጄራልድ ሙር ሕይወቱን ሙሉ ከዘፋኝ ኋላ ተቀምጦ የተጫወተ ሰው ነው። አጃቢ ስሙ በማስታወቂያው ግርጌ በትንሹ በሚጻፍበት ዘመን፣ ፒያኖው የዘፈኑ እኩል አካል መሆኑን በጣቱም በብዕሩም አስረድቷል። በፌብሯሪ 1967 ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ላይ ሲሰናበት ቪክቶሪያ ዴ ሎስ አንሄሌስ፣ ኤልሳቤት ሽቫርትስኮፕፍና ዲትሪሽ ፊሸር-ዲስካው መጥተው ዘፈኑለት። መጨረሻ ላይ ሦስቱ ወርደው እሱ ብቻውን ቀረና የሹበርትን ‹አን ዲ ሙዚክ› ያለ ቃል፣ በፒያኖ ብቻ ተጫወተ። የዚህን ምሽት ቅጂ የሰማ ሰው አጃቢን ዳግመኛ አይዘልም።

ፒያኒስቶች ጊዜ ይራራላቸዋል። ክላራ ሹማን በ1828 በዘጠኝ ዓመቷ ላይፕሲሽ ላይ ጀምራ በ1891 ፍራንክፈርት ላይ ስታቆም ከስልሳ ዓመት በላይ ተጫውታለች። በመካከሉ ስምንት ልጆች ወልዳለች፤ ባሏ ሮበርት ታምሞ በ1856 ሲሞት በኮንሰርት ገቢ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። ሜናሄም ፕሬስለር ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው በ2014፣ በ90 ዓመቱ ነው። ፍራንትስ ሊስት በተቃራኒው በ1847፣ በ35 ዓመቱ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚሰማውን ሕዝብ ተወ። ብቻውን ሙሉ ምሽት የሚጫወት ፒያኒስት የሚባለውን ነገር ያስለመደው እሱ ሆኖ ሳለ ወደ ቫይማር ሄዶ መጻፍና መምራት ያዘ፤ በኋላም ከየአገሩ ለሚመጡ ወጣቶች ያለ ክፍያ አስተማረ።

የፒያኒስት ፈተና በሌላ በኩል ይመጣል። አንዱ ፍርሃት ነው። ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ በ1953 ከሕዝብ ፊት ጠፍቶ የተመለሰው በ1965 ነው። ስቪያቶስላቭ ሪክተር በእርጅናው አዳራሹን አስጨልሞ ኖታው ላይ ብቻ በምትበራ ትንሽ መብራት ይጫወት ነበር፤ ሰው ፊቱን ትቶ ሙዚቃውን እንዲሰማ ፈልጎ። ሌላው የእጅ ጉዳት ነው። ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ አጋማሽ የቀኝ እጁ ጣቶች እየተጠቀለሉ እምቢ ሲሉት ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን መጫወት፣ ማስተማርና ኦርኬስትራ መምራት ያዘ። ከእነዚያ ሥራዎች አንዱን ራቬል የጻፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ላጣው ለፓውል ቪትገንስታይን ነው። ፍላይሸር ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሕክምና ወደ ሁለት እጅ ተመለሰ።

ሦስተኛው የውድድር ዝና ነው። ቴክሳስ ያደገው ቫን ክላይበርን በ1958 ሞስኮ ላይ የቻይኮቭስኪን ውድድር በ23 ዓመቱ አሸንፎ ሲመለስ ኒው ዮርክ በጎዳና ሰልፍ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ያንኑ በውድድሩ የተጫወተውን የቻይኮቭስኪ ኮንቸርቶ ደጋግሞ ጠየቀው፤ በ1978 መድረኩን ለዓመታት ተወ። በ1965 ዋርሶ የቾፐንን ውድድር ያሸነፈችው ማርታ አርገሪች ብቻዋን ፒያኖ ፊት መቀመጡ ሲከብዳት ከ1980ዎቹ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ጋር መጫወትን መረጠች፤ በሰማንያዎቹ ዕድሜዋም ትጫወታለች። ከዝናው የተረፈችው በዚህ ምርጫዋ ይመስለኛል።

የእኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከእነዚህ ሁሉ ጋር በአንድ መስመር ሊቆሙ የሚገባቸው ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እኅት ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ታሰሩ፤ ኋላም ካይሮ ላይ ፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች አስተማራቸው። እንግሊዝ ሄደው የመማር ዕድላቸው ሲሰናከል ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። የኮንሰርት ፒያኒስት ሕይወት እዚያ ላይ ተቆረጠ፤ ፒያኖው ግን አልተቆረጠም። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ታተመ፤ ገቢውንም ለተቸገሩ ሰጡት። ዓለም በሰፊው የሰማቸው በ2006 ‹ኢትዮፒክስ› የተባለው ተከታታይ 21ኛ ሲዲ ሲወጣ፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ሆነው በ82 ዓመታቸው ነው። በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ ያለው ትውልድ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በ1967 አዲስ አበባ ተወልዶ ክራር ሲጫወት አደገ፤ ፒያኖን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ኮንሰርቫቶሪ ተማረ። በአንድ ምሽት የአውሮፓውያኑንም፣ ከአገራችን ዜማ ተነሥቶ የጻፋቸውን የራሱን ሥራዎችም ያቀርባል። የውጭ አገር አሳታሚዎች የእማሆይን ሥራ እስኪሰበስቡ ድረስ እሳቸው ሰማንያ ዓመታቸውን አልፈው ነበር። የግርማን ኖታ አሳትሞ ለተማሪዎች ለማዳረስ፣ ኮንሰርቶቹን በጥራት ቀድቶ ለማስቀመጥ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም፤ ሰውየው እየተጫወተ ነው።